አሁንም ጭጋግ ነው

ሐይቁ ዳር ከቆመችው ጀልባ ውስጥ ፊጭ፣ ፊጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የነጂው ረዳት የሆነው ወጣት የደበዘዘውን የፕላስቲክ መስኮት በጨርቅና በጥርስ ሳሙና እየፈተገ ነው። እናቱ ለገዳሙ የተሳለችውን ጥላ ታቅፋ ከተሳላሚዎቹ መሃል ተቀምጣለች።

ነጂው አዛውንት በመስኮቱ አሻግረው አዩ። «አሁንም ጭጋግ ነው። ቁርስ አልበላህም እንዴ?»

«ስፈትገው ሦስተኛዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አራተኛ ድገመዋ! ውሃ ውስጥ ያለውን ድንጋይ እንዴት አይቼ ልለፈው?»

ወጣቱ ብሎኖቹን ፈታ። ፕላስቲኩን አውልቆ ሐይቁ ላይ ሊያለቀልቀው ጎንበስ አለ። ቀና ሲል አዛውንቱ በባዶው መስኮት አሻግረው እያዩ ነበር።

«ምንም አልተሻለውም፤ እሸው እንጂ!» ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ወጣቱ ፕላስቲኩን ወንበር ላይ አስቀመጠና የእናቱን እጅ ይዞ ወረደ።

«ምነው ልጄ? ስለቴስ?»