የሚጎተተው በር

አናጺው የሳሎኑን በር ከማጠፊያው አላቆ፣ በጀርባው ተሸክሞ ሲወጣ፣ ደጃፉ ላይ ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ሴትየዋ ለማንኳኳት እጇን አንስታ ነበር፤ የምታንኳኳው ነገር ግን በሰውየው ጀርባ ላይ ወደ ግቢው እየወጣ ነው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ የቤት ብድር ላለባቸው ነፃ ምክር ከሚሰጠው ቢሮ ነኝ። ባለቤትዎ ትናንት መጥተው ነበር።"

"ባለቤቴ?"

በሩን ከሌሎቹ በሮች አጠገብ አስደግፎ ወደ ኩሽናው መስኮት ዞረ። ሚስቱ ከመስኮቱ ወዲያ ሰሃን ታጥባለች። ያንኑ ሰሃን ቅድምም ስታጥበው ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለች ቀና ሳትል። "አንተ እንደሆንክ ስልኩ ሲጠራ ራዲዮ ትከፍታለህ።"

እውነቷን ነው። እጁ ተሰብሮ ወርክሾፑን ዘግቶ ከከረመ ወዲህ የቤቱ ብድር ሳይከፈል ተጠራቅሟል። ከባንኩ ሲደወል ራዲዮ ይከፍታል፤ ከባንኩ ሰው ሲመጣ በጓሮ በኩል ውልቅ ይላል። ኋላ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ያን ቀን አንብቦት ወደ ቤት ገባ። ዛሬ ማለዳ ግን ካቻቪቴውን አንስቶ ከጓዳው በር ጀመረ፤ ይኸው አሁን በቤቱ ውስጥ አንድ በር አልቀረም።

"ይሄን ሁሉ በር የት ሊወስዱት ነው?" ስትል ጠየቀች ወጣቷ።

"ወንድሜ ቤት። የጭነት መኪና ጠርቻለሁ።" ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ባንኩ ያበደረኝ ለግድግዳው ነው፣ ግድግዳውን ይውሰድ። በሮቹን የሠራኋቸው ግን በነዚህ እጆቼ ነው። ማንም ጨረታ ያሸነፈ እየመጣ በእርግጫ ሲከፍታቸው ልይ?"

 ወጣቷ ተጠግታ የበሩን ጠርዝ ዳበስ አደረገች።

"እጅዎስ አሁን ተሻለዎት?"

"ድኗል።"

"ሥራስ?"

"አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ አዞኛል። ከእንግዲህ ምን ሊረባኝ!"

"እንዴት አይረባ ጋሼ!" የእንጨት ሳጥን ስባ እንደ ቤተኛ ተቀመጠች። "ሐራጁ ገና ነው። ሥራ መጀመርዎን ካሳየን የብድሩ ጊዜ ይራዘምልን፣ በየወሩ የሚከፈለውም ይቀነስልን ብለን መጠየቅ እንችላለን። እምቢ ቢሉ እንኳ ገዢ ፈልገው፣ ቤቱን ራስዎ በደህና ዋጋ ሸጠው፣ ዕዳውን ከፍለው የተረፈውን ይዘው ይወጣሉ። ሐራጅ እኮ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። እርስዎ ከመጨረሻው ጀመሩት።"

አናጺው ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተ።

"እንዲያውም ጥያቄውን ትናንት ከእትዬ ጋር አስገብተናል" አለች ቀጥላ። "ባንኩ ቤቱን የሚያይ ሰው ከምሳ በኋላ ይልካል።" ግድግዳውን ተደግፈው የተሰለፉትን በሮች አየቻቸው። "እንዲህ ሆኖ ካገኘው ግን፣ ሰውየው ለቆ ሊሄድ ነው ብሎ ይጽፋል። ደግሞ በሮቹም ለብድሩ የተያዘው ቤት አካል ናቸው። አንዱን ቢጭኑ ሌላ ጣጣ ነው።"

አፈረ። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን የሚያድን መስሎት ሲያፈርሰው ነው ያረፈደው። ስልኩን አውጥቶ ለሾፌሩ ደወለ፤ "ተወው፣ አትምጣ" ብሎ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፣ ሥራ ብቻ። ወጣቷ ጃኬቷን አውልቃ በሩን ከሥር ትደግፋለች፣ እሱ ብሎኑን ያስራል። "ከፍ አድርጊው ልጄ… ትንሽ ዝቅ… በቃ፣ እንደዚያው ያዢልኝ።" ሚስት ጓሮውን ትጠርጋለች። የሳሎኑ በር ገባ፣ የጓዳው ገባ፣ የሌሎቹም ተራ በተራ ገቡ። የቀረው የመኝታ ቤቱ በር ነው።

ይህ በር ከተሠራ ጀምሮ ወለሉ ላይ ይጎተታል። በሰው ቤት ድምፅ የማያሰሙ በሮች የሚገጥም ሰው፣ የገዛ ሚስቱ "ኧረ ይሄን በር አንድ በለው" ስትለው "ነገ" እያለ ዓመታት አሳልፏል። እሷም መላ አበጅታለች፤ እጀታውን ወደ ላይ ታነሳና በትከሻዋ ትገፋዋለች። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምትገባው።

በሩን አንስቶ ወደ መቃኑ ሊያስጠጋ ሲል ቆም አለ። መልሶ አጋደመውና መላጊያውን ሊያመጣ ሄደ።

"ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ሊደርስ ነው" አለች ወጣቷ። "ይሄ ምን ሆነ?"

"ይጎተታል።"

"እሱ ያንን የት ያየዋል?"

"እሱ አያየውም" አለና የበሩን ግርጌ መላግ ጀመረ።

ፍቅፋቂው እግሩ ሥር እየተጠቀለለ ወደቀ። ተሰብሮ የዳነው እጁ ጥቂት ጠዘጠዘው፤ ግድ አልሰጠውም። ገጥሞ እንደጨረሰ የሳሎኑ በር ተንኳኳ።

"መጣ!" አለች ሚስት መጥረጊያዋን ጥላ። በጓሮ በኩል ገብታ፣ ሽርጧን እየፈታች፣ ልብስ ልትቀይር ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። እንደ ልማዷ እጀታውን አነሳች፤ እንደ ልማዷ በትከሻዋ ገፋችው። በሩ ያለ አንዳች ድምፅ ተከፈተና እሷ አልጋው ላይ ሄዳ ተዘረፈጠች።

አናጺው ኮሪደሩ ላይ መላጊያውን እንደያዘ ወደ ውስጥ አየ። ሚስቱ ከአልጋው ተነስታ እጀታውን ያዘች። ከዚያ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ተከፈተ። እንደገና ተዘጋ።

የሳሎኑ በር ለሁለተኛ ጊዜ ተንኳኳ። የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ተከፈተ፣ ተዘጋ።