በመዝገብ ስም

በሰው ልጅ ዕድገትና በቤተሰብ ጥናት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዛሬ የመጀመሪያ የመስክ ፈተናዬን ልሰጥ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ገባሁ። ሕጉ አጭር ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልዞረ ወደ መንግሥት ማሳደጊያ ይወሰዳል። እናት በፈተናው ሰዓት ትንፍሽ አትልም። ፈታኝ የፈረመበት ቅጽ አይሻርም።

ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን የድስት ክዳን ያሽከረክራል።

«መልከጸዴቅ!» አልኩ።

ክዳኑን አሽከረከረ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ልብሶቹን ከወዲሁ አጣጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ በሩ ሥር አስቀምጣቸዋለች።

«መልከጸዴቅ!»

ክዳኑን ደግሞ አሽከረከረ።

እንዴት ይዙር? በዚያ ስም የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው! ስገባ ጎረቤቷ በአጥር ላይ «ድንቡሼ!» ስትለው፣ እናቱም «ጌትዬ፣ ና እንግዳ መጣ» ስትለው ሰምቻለሁ። ይህን መመሪያ የጻፉት ሰዎች እናት የላቸውም?

«ዶክተር፣ እናቱ በምትጠራው ስም ልጥራው?» አልኩት በሩ ላይ የቆመውን መምህሬን።

«ሌላ ስም ካነሳሽ ዲግሪሽን እርሺው። አንድ ጥሪ ይቀርሻል።»

ወደ ልጁ ጎንበስ አልኩ።

«ጌትዬ!»

ልጁ ዞረ። እየሳቀ ክዳኑን ይዞ እጁን ዘረጋልኝ።

«ተማሪ ሰብለወንጌል ተፈራ!» መምህሬ ከኋላዬ ጮኸ። ደግሞ ጠራኝ። ለሦስተኛ ጊዜም ጠራኝ።

ቅጹ ላይ «ዞሯል» ብዬ እየፈረምኩ ነበር። አልዞርኩም።