በአሮጌው ሌንስ የተነሱ

ሮቤ ከተማ ውስጥ ደምመላሽ የሚባል ፎቶ አንሺ ሁለት ሌንስ ነበረው። አዲሱ ለሠርግና ለምርቃት ነው፤ በራሱ ያነጣጥራል፣ ቅንድብን ጠጉር በጠጉር ለይቶ ያወጣል። አሮጌው የሩሲያ ሥራ ሲሆን ሙያውን ያስተማሩት ሰው ጡረታ ሲወጡ የሰጡት ነው። ካሜራው ላይ በቀለበት ይገጠምና በእጅ እየተዞረ ይስተካከላል። ፊትን ያለሰልሳል፤ ከሰው ኋላ ያለውን መጋረጃ ግን እንደ ውሃ አዙሪት ያዞረዋል። ይህን አዲሱ ሌንስ ሊያደርገው አይችልም።

ከክረምቱ ወዲህ አንዳንድ ደንበኞች ሳይጠየቁ "በአሮጌው አንሳኝ" ይሉት ጀመር።

መጀመሪያ የመጡት እህል ነጋዴው አቶ ዘውገ ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከጎባ ሚኒባስ ወረዱ። በንግድ ዘመናቸው ሁሉ ያለ ክርክር የከፈሉበት ቀን ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ጥቁር ለብሶ ብቅ አለ።

"የአባባን ፎቶ አጉልተህ አትምልን። ለለቅሶው ድንኳን ነው።"

ከዚያ አስተማሪዋ ሸዋአለም መጣች። ወጣት ነች፤ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ አስራ ነበር። የእሷን ፎቶ ሊያስጎሉ የመጡት እናቷ ናቸው።

ሦስተኛው ከሲናና የመጡት ገበሬ ናቸው።

"አካም ጅርታ ደምመላሽ! የድሮዋ አለች አይደል?"

"ኦቦ ኢዶሳ፣ አዲሱ ይሻልዎታል።" ደምመላሽ አዲሱን ሌንስ አነሳ።

"ተወኝ እባክህ! አዲሱማ ፊቴ ላይ ያለውን ትልም ሁሉ ይቆጥራል። የእርሻዬን ትልም እንኳ ግብር ሰብሳቢው ቆጥሮ አልጨረሰውም!" በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ደምመላሽ በአሮጌው አነሳቸው። ስንዴው ሳይታጨድ ኦቦ ኢዶሳ ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሌንሱን ሲነካ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ክዳኑ ላይ ጠበል ረጨበት። አንድ ቀን ብርሃን ሊለካ የገዛ እጁን በሌንሱ አይቶ ደነገጠና እጁን ኪሱ ከተተ። በመጨረሻ ለሚስቱ ነገራት። ሠርከአዲስ ጎባ በሚገኝ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች።

"ሠርኬ፣ ይሄ ነገር ሰው ይበላል።"

"ብርጭቆ ነው ሰው የሚበላው? ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ!"

"የተነሱት ሁሉ ሞቱ እኮ!"

"የሚሞት ሰው ፎቶ አይነሳም ያለህ ማነው?" አለችና ሻርፗን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ ሰሞን ኤልዳድ የሚባል ወጣት ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያነሳ ከአዲስ አበባ መጣ። ባትሪ ሊገዛ ገብቶ ሌንሱን አየና ዓይኑ በራ።

"ጋሼ፣ እኛ ይሄን ስንት ቦታ ነው የምንፈልገው! የዛሬ ሌንስ ያየውን ሁሉ ይዘረግፋል። ይሄ ግን ገመና ይሸፍናል። ይሽጡልኝ።"

ደምመላሽ እፎይ አለ። ሞትን ለሰው ልጅ ማሻገር መሆኑ ቢከብደውም፣ ከቤቱ ይውጣለት እንጂ ሌላው ግድ አልነበረውም። ማታ ለሠርከአዲስ ሲነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"አይሸጥም!"

"አንቺን ምን አገባሽ?"

"አይሸጥም አልኩህ። የሚፈልገው ሰው አለ።"

እራቷን ሳትነካ ተነሳች። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። ደምመላሽ በጎን ሲመለከታት ሌላ ፍርሃት መጣበት። ምን ይሆን የምታውቀው? ሌንሱን ለምን ከእሱ በላይ ትጠብቀዋለች? በማግሥቱ፣ ኤልዳድ ከሰነቴ እስኪመለስ ብሎ ሌንሱን ፎቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜ ዲንሾ ሠርግ ነበረው። ኮቱን ቤት ትቶ፣ ወፍራም ጃኬት ደርቦ ሄደ። እሑድ ከሰዓት ሲመለስ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ አመራ። በጎን ባለችው ክፍል የማተሚያውን ሥራ የምትሠራው ሱሀይላ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅራለች። የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ስክሪኑን ልትዘጋ ተንደረደረች። አልደረሰችም።

ስክሪኑን የሞላው የሠርከአዲስ ፊት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ፈገግ ብላለች። ጉንጯ ሙሉ ነው፤ የሙሽርነቷን ጊዜ ትመስላለች። ከኋላዋ መጋረጃው እንደ ውሃ ይዞራል።

ደምመላሽ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

"ማነው በዚህ ያነሳት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ትናንት።"

"ቁልፉን ከየት አመጣሽ?"

"እሷ ነች ያመጣችው። እምቢ ብላት አለቀሰችብኝ።"

"ገደልሻት! አጥፊው! አሁኑኑ ምስሉን አጥፊው!"

"አላጠፋም።"

መሳቢያውን በኃይል ሳበው። ሌንሱን አወጣና በሩን ከሚደግፈው ድንጋይ ላይ ሊከሰክሰው ከራሱ በላይ አነሳው። ሱሀይላ ሮጣ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

"አይስበሩት! ወላሂ፣ ለእርስዎ እንዳልናገር አስምላኛለች!"

"ሚስቴን ሊበላብኝ ነው! ልቀቂኝ!"

ሱሀይላ ክንዱን አልለቀቀችም፤ ዓይኑን ማየት ግን አቃታት።

"ጋሼ፣ ሌንሱ ማንንም አልበላም፤ ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸውን ሰዎች፣ ሕመማቸው ፎቷቸው ላይ እንዳይታይ እያለች ወደዚህ የምትልካቸው ሠርኬ ነበረች፤ ትናንት ግን የመጣችው ለራሷ ነው።"