ቀድሞ የወጣው ተመስገን

«አንተ ላይ የለም» ሲባል ሴራሚክ አንጣፊው «ተመስገን!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለና የሽበታሟን ሐኪም እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። የእህቱ ውጤት ገና አልተነገረም።

ሐኪሟ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ታናሽ እህቱ ዞረች። «አንቺ ላይ ግን አግኝተነዋል።»

ሴራሚክ አንጣፊው ክው አለ። እናታቸው በጨጓራ ካንሰር ስትሞት በዘር የሚተላለፍ ሳይሆን አይቀርም ስለተባለ ነው ሁለቱም ደም የሰጡት። እሱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሲጋራውን ሲያንቦለቡል የኖረ ሰው ነው። እሷ የሁለት ሴት ልጆች እናት።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለች እህቱ። ስለ ፍሪጅ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

ሐኪሟ ጣቶቿን አቆላልፋ አሳየቻት። «የጨጓራሽ ሴሎች እንዲህ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። የሚያያይዛቸው አንድ ፕሮቲን አለ። እሱ እንዲሠራ የሚያዘው ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ ከእናትሽ የወረስሽው ቅጂ አይሠራም። ሁለተኛው አንድ ቀን ከተበላሸ ሴሉ ጎረቤቶቹን ይለቃል። ደግሞ ያ ፕሮቲን ማያያዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ‹ተባዛ› የሚለውን ትእዛዝም ይዞ ያቆያል። እሱ ከሌለ ትእዛዙ ከልካይ ያጣል። ሴሎቹ አንድ በአንድ ሾልከው ግድግዳው ውስጥ ስለሚበተኑ በአፍ በሚገባ ካሜራ ብናይም ላናገኛቸው እንችላለን።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ካንሰሩ ሳይጀምር ጨጓራውን በሙሉ ማውጣት። ሰው ያለ ጨጓራ መኖር ይችላል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እየበላ።»

«ልጆቼስ?»

«ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ሲያድጉ ይመረመራሉ።»

ያን ጊዜ ነው እህቱ አንገቷን የደፋችው። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቃሉ ከአፉ ሲያመልጥ ለማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ለአፍታ እህት እንዳለችው እንኳ ረስቶ። ይባስ ብሎ ደስታው አሁንም ደረቱ ውስጥ አለ፤ ውጣ ቢለውም አልወጣ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተቀመጥ እንጂ። እንደ ዘበኛ ቆምክብን እኮ።»

«ምነው እኔን ባደረገው» አለ እየተቀመጠ።

«ውሸታም።» እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች። ልትስቅ ሞክራ ከንፈሯ እምቢ አላት። «ልጅ ሆነን ድርሻዬን እየሰረቅህ ትበላብኝ አልነበር? ከእንግዲህ ፈቅጄልሃለሁ።»

ከትናንት ጀምሮ በፍርሃት እህል አልቀመሰም ነበርና፣ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሆዱ ጮኸ፤ ረጅም፣ ጤነኛ ጩኸት። በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘው።