የቅዳሜው ባቡር

ቦሁሚል በቼኳ ከተማ በብርኖ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ትኬት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከዝደንካ ጋር በባቡር እስከ ሊዝበን ሊሄዱ ተማምለው ነበር። የአውሮፓን ባቡሮች ሰዓት በእጁ የገለበጠበት ደብተር አለው። በሥራ ቀን፣ ከሰኞ እስከ አርብ ብቻ ከሚሄድ ባቡር ጎን ሁለት የተጠላለፉ መዶሻዎች፣ እሁድና በዓል ብቻ ከሚሄደው ጎን መስቀል ይስላል። ምልክቱን ለዝደንካም አስተምሯታል። ከጸሎት መጽሐፏ ይልቅ ደብተሩን ታውቀዋለች።

በሚያዝያ ልቧ ታመመና ደረቷ ተከፈተ። ሐኪሙ ደረጃ መውጣትንም መናደድንም ከለከላት፤ መንገድማ አይታሰብም። ቦሁሚል አንድ ወር ሙሉ አስታመማት። ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት፣ «ብቻዬን ልሂድ መሰለኝ። ትኬቱ ተገዝቷል፣ ይቃጠላል» አላት።

ዝደንካ አርባ ዓመት አብረው ያቀዱትን መንገድ እንዲህ በአንድ ቃል ጥሏት ይሄዳል ብላ አላሰበችም። ሻንጣው ውስጥ ፒጃማና ነጠላ ጫማ ከተተ፤ ጃንጥላውን ረሳው። ደብተሩን «አንቺ ተከታተዪኝ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተወላት።

በሦስተኛው ቀን ከማታውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። «ስልኬ ተበላሸ፣ በዚህ እጽፍልሻለሁ። ሙኒክ ገባሁ፣ አራት ደቂቃ ዘግይቶ።» ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ መልእክት ይመጣል። ብትቀየመውም ደብተሩ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ስልኩ ሳይጮህ ከቆየ ሾርባው አይወርድላትም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ አርብ ዕለት ምንም አልመጣም። ቅዳሜ ግን መጣ። «ዛሬ ከቦርዶ ተነስቼ በ14፡32 ስፔን ድንበር ላይ ኢሩን ገባሁ፣ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ።»

ደብተሩን ገለጠች። ከባቡሩ ጎን ሁለቱ መዶሻዎች ተስለዋል። ቅዳሜ የማይሄድ ባቡር ነው።

«የማይሄድ ባቡር ተሳፍሮ ስድስት ደቂቃ ዘገየ?» አለች ጎረቤቷ ኢሬና፣ በማግሥቱ ዳቦ ይዛላት መጥታ። «አንቺዬ፣ ይሄ ሰውዬ ኢሩን የለም።»

«ቦሁሚል በሰዓት ነገር አይሳሳትም።»

«እኔስ መች ተሳሳተ አልኩ? አርብ ሥራ በዝቶበት ነው የዘጋሽ። በይ ደውዪ።»

ደወለች። የሴት ድምፅ «አቤት» አላት። ከድምፁ ኋላ ትራም ሲያልፍና ሰዎች በቼክኛ ሲሳሳቁ ይሰማል።

«ብርኖ ነሽ» አለች ዝደንካ።

«አዎ። ቤትዎን አውቀዋለሁ፣ ልምጣ» አለች ሴትየዋ።

«ይሉኝታም አልፈጠረባት» አለች ኢሬና፤ ጠብ ሲጀመር ላለማየት ዳቦውን አስቀምጣ ወጣች።

ዝደንካ ጸጉሯን አበጠረች፤ ጠባሳዋን እስከ አንገቷ ድረስ በሸሚዟ ቆለፈችበት። ሌላ ሴት መያዙ እንኳ ይሁን። በባቡር መዋሸቱ ግን አንገበገባት። ባቡሩ የሁለታቸው ነበር።

የመጣችው ሴት አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ፓቭላ እባላለሁ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ትናንትም መጥቼ ነበር። ደረጃው ሥር ደርሼ ተመለስኩ።»

«ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ?»

«ሁለት ሳምንት ሊሞላን ነበር።»

ዝደንካ ሳቀች፤ ሳቁ ደረቷን ወጋት። «አርባ ዓመቴን በሁለት ሳምንት ለወጠኝ በዪኛ።»

«ከእርስዎ ሌላ የሚያነሳው ወሬ አልነበረውም።»

«አትሸንግዪኝ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና ሂጂ። አርብ ለምን አልጻፈልኝም?»

ፓቭላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ነርስ ነኝ። መልእክቶቹን ገና ሆስፒታል የገባ ዕለት በወረቀት ጽፎ ነው የሰጠኝ፣ ልብዎ እስኪጠና በየቀኑ አንድ አንድ እንድልክልዎ። ቅዳሜ የደረሰዎት የአርቡ ነው። አርብ እጄን ይዞኝ ነበር፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ አልለቀቀኝም።»