ማን ያስታጥብ

በባርነት ሳቢያ የተነሣው የሰባት ዓመት ጦርነት በእርቅ ሲያበቃ፣ ሽማግሌዎቹ አገሩን ሁሉ የማስረሻ መርፌ አስወጉት። ማን ጌታ፣ ማን ባሪያ እንደነበረ ከዚያ ወዲህ የሚያስታውስ የለም። እናንዬና ባሏ ገለታ የተጋቡትም ከመርፌው በኋላ ነው።

እናንዬ ግን ስለራሷ ጥርጥር አልነበራትም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠባሳ አለ፤ የእግር ብረት የተወው ነው ብላ ታምናለች።

ዛሬ ምሳ ሲቀርብ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ሁለት እጇን ዘረጋች። ለብ ያለ ውኃ ፈሰሰባት። ዞር ስትል ገለታ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«ማን አስታጥበኝ አለህ?»

«እኔ እንጃ። እጅሽን ስትዘረጊ ተነሣሁ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው?»

ገለታም ግራ ገባው። «መሰለኝ» አለ።

እናንዬ ጠባሳዋን በቀሚሷ ሸፈነችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለችው።

«በል ቁጭ በል፤ እኔ ላስታጥብህ።»

ገለታ መቀመጫው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷም ማንቆርቆሪያውን እንዴት እንደሚያዘነብሉት እጇ አላወቀውም፤ ውኃው እጁን ስቶ ጉልበቱ ላይ ተደፋ።

«ይቅርታ» አለ ገለታ።