ጣሊያን ጀምሮት የተወው መንገድ

ቅዳሜና እሁድን ሊያርፍ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ በማለዳ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጣሊያን ጀምሮት የተወውን መንገድ አይቶ ተመለሰ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እማማ ብርቄ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በረንዳው ላይ አገኛቸው።

«የአገራችሁ ሰው ጎበዝ ነው እማማ። ገና ጀንበር ሳትወጣ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ገደሉ ሥር ድንጋይ ይፈልጣሉ።»

«የምን ድንጋይ? ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው። ገብሱ ደርሶ እንኳን ማጭድ የሚያነሳ የለም።»

«በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።»

እማማ ብርቄ የበረንዳውን ግድግዳ ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያን መንገድ ሲያሠራ ጣሊያን አያቴን ከሠላሳ ሰው ጋር አፈሰው። ‹ለሚካኤል እለቃችኋለሁ› ብሏቸው ነበር። በዋዜማው ገደሉ ተናደባቸው፤ አጥንታቸው እንኳን አልወጣም።» ቀና ብለው አዩት። «አናገሩህ?»

«አንዱ ብቻ። ‹ወንድም፣ ሚካኤል ደረሰ?› አለኝ።»

«ምን አልከው ልጄ?»

ሰውዬው በዓል ቆጥሮ አያውቅም። ዝም ብሎ ለአፉ ያህል ነበር የመለሰው።

«‹ገና ነው› አልኩት። ዶማውን አነሳ።»